የመጀመሪያው ስብሰባ ካልተመቸ፦ የኤ ኤ ስብሰባ እንዴት ይመረጣል? ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ እና ኦንላይን

ፖቶማክ_ዳር (ውይይቱን የከፈተው)

ሰላም ወገኖች። «ኤ ኤ ተሞክሮ አልሆነም» የሚል መልእክት እዚህ በየሳምንቱ ይመጣል። ሲጠየቅ ግን የተሞከረው አንድ ቀን፣ አንድ አዳራሽ ነው። ኤ ኤ (አልኮሆሊክስ አኖኒመስ)፣ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚረዳዱበት፣ ከ1935 ጀምሮ ያለ ማኅበር ቢሆንም ከላይ ሆኖ የሚያዝ አለቃ የለውም። እያንዳንዱ ቡድን ራሱን ያስተዳድራል። ስለዚህ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የማክሰኞ ማታውና የሐሙስ ጠዋቱ ስብሰባ ፍጹም የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ፣ ሌላው ሳቅና ጨዋታ የሚያበዛ ነው።

ዝርዝሩ የት ይገኛል ለሚለው፦ «ሚቲንግ ጋይድ» የሚባለው አፕ ነፃ ነው። ምልክቱ ሰማያዊ መደብ ላይ ያለ ነጭ ወንበር ነው። ያላችሁበትን ቦታ ከፈቀዳችሁለት ቅርብ ያሉትን በሰዓት ያሳያል። ከአፑ ሌላ በየአካባቢው የስብሰባዎችን ዝርዝር የሚይዝ «ኢንተርግሩፕ» የሚባል ጽሕፈት ቤት አለ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ በዋሽንግተን ኤሪያ ኢንተርግሩፕ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ደግሞ በኖርዘርን ቨርጂኒያ ኢንተርግሩፕ ነው የሚወጡት። ሜሪላንድ እየኖረ ቨርጂኒያ የሚሠራ ሰው አንዱን ብቻ አይቶ ከመሥሪያ ቤቱ አጠገብ ያለው የምሳ ሰዓት ስብሰባ ያመልጠዋል።

ከስብሰባው ስም ጎን ያሉት ቃላት ደግሞ ትልቅ ነገር ናቸው። «ኦፕን» ከሆነ ማንም ገብቶ መስማት ይችላል፤ ቤተሰብም፣ የነርስ ተማሪም። «ክሎዝድ» ሲል ግን ተዘግቷል ማለት አይደለም! መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን ቃል አይቶ ከደጃፍ የሚመለስ ሰው አለ። የመሰብሰቢያው ቦታ በእርግጥ ለጊዜው ተዘግቶ ከሆነ «ቴምፖራሪሊ ክሎዝድ» ወይም «ቲ ሲ» ተብሎ ይጻፋል። «ስፒከር» አንድ ሰው የሚናገርበት፣ «ዲስከሽን» ሁሉም በየተራ የሚያካፍልበት፣ «ስቴፕ» ከ12ቱ የኤ ኤ የማገገሚያ እርምጃዎች አንዱ ተነብቦ የሚወያዩበት ነው። «ቢጊነርስ» ወይም «ኒውከመር» የአዲስ ገቢ ነው።

የኔ ምክር፦ በ2 ሳምንት ውስጥ ቢያንስ 6 የተለያዩ ስብሰባዎች፤ ፍርዱ ከዚያ በኋላ ይሁን። መጀመሪያ የአዲስ ገቢ፣ ቀጥሎ ስፒከር፣ ሦስተኛው ክሎዝድ ዲስከሽን። ከስድስቱ አንዱ ሰውዬው በጣም በሚያምረው ሰዓት ላይ የሚውል ይሁን። ዓርብ ከሥራ መልስ 12 ሰዓት ላይ የሚጠጣ ሰው የእሑድ ጠዋት ስብሰባ ብቻ ቢይዝ ዓርብን ማን ያሻግረዋል?

ተረኛ_ነርስ

ፖቶማክ፣ ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን ከስብሰባ በፊት የሚቀድም አለ። በየቀኑ የሚጠጣ፣ ጠዋት እጁ ሲንቀጠቀጥ «ለማስተካከል» የሚጎነጭ ሰው በድንገት አቁሞ ማታ ስብሰባ ይሂድ ማለት አደጋ ነው። መንቀጥቀጥ፣ ላብና የልብ መምታት ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ደግሞ ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው አለ። ሰውዬው የሌለ ነገር ያያል፣ ቀኑና ቦታው ይምታታበታል፣ ትኩሳት ይኖረዋል። ይህ ካልታከመ ይገድላል። ቤተሰብ የሚታለለው በሁለተኛው ቀን ነው። «የመጀመሪያውን ቀን አለፈው» ብለው ብቻውን ቤት ትተውት ሥራ ይሄዳሉ፤ ከባዱ ግን ገና እየመጣ ነው።

ከዚህ በፊት ሲያቆም የተንዘፈዘፈ ወይም የቃዠ ሰው ቤት ውስጥ አያቁም፤ ሐኪም ይየው። ምልክቱ ከጀመረ 911 ነው። ሐኪሙ ስንት ትጠጣለህ ሲል «ሁለት መለኪያ» አይበቃም። የኛ ሰው መለኪያ ስንት እንደሚይዝ ማን ለክቶት ያውቃል? በጠርሙስ ተናገሩ። 750 ሚሊ ሊትር የሆነ 40 በመቶ ውስኪ ወይም ቮድካ በአሜሪካ አቆጣጠር 17 «ድሪንክ» ነው። በቀን ግማሽ ጠርሙስ ማለት ከ8 በላይ ነው፤ የሐኪሙ ውሳኔ የሚለወጠው በዚህ ቁጥር ነው። ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ በነፃ ጠይቁ። የ12 ዓመት ልጃችሁን የአባቱን መጠጥ እንዲያስተረጉም አታድርጉ፣ እባካችሁ።

የት እንደሚታከሙ ለማያውቁ በአሜሪካ 1-800-662-4357 የሚለው የእርዳታ ስልክ ነፃ ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል፤ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ስለሆነ አብሮ የሚደውል ሰው ይኑር። አዲስ አበባ ላለ ሰው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ።

ጆርጂያ_አቬኑ

እንግሊዝኛው ለሚከብደው ሰውስ? ተራው ሲደርስ ምን ይበል? ብዙዎች የሚሸሹት መጠጡን ከማውራት ሳይሆን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ፊት ለፊት ከመናገር ነው።

አርባ_ወንበር

@ጆርጂያ_አቬኑ መናገር ግዴታ አይደለም። ተራ ሲደርስ «አይል ፓስ» ማለት ይበቃል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። መግቢያው ላይ ሰብሳቢው «አዲስ ሰው አለ?» ሲል የመጀመሪያ ስም ብቻ ይነገራል። አልኮሆሊክ ነኝ ማለት ያልፈለገ ሰው አይል፤ ሦስተኛው የማኅበሩ ትውፊት ለአባልነት የሚጠይቀው መጠጥ ለማቆም መፈለግን ብቻ ነው።

ቋንቋው ለሚያስቸግር ሰው ስፒከር ስብሰባ ይሻላል፤ ሙሉውን ጊዜ ማድመጥ ብቻ ነው። ስቴፕና የመጽሐፍ ጥናት በመጀመሪያው ሳምንት አይመከርም። የኤ ኤ ዋና መጽሐፍ የ1939 እንግሊዝኛ ነው፣ ጮክ ብሎ አንቀጽ በአንቀጽ በየተራ ይነበባል፣ መጽሐፉ እጁ ላይ ሲደርስ የሚደነግጥ አለ። እዚያም «ፓስ» ይሠራል። አስተርጓሚ ዘመድ ይዞ መግባት ኦፕን ላይ ችግር የለውም። ክሎዝድ ከሆነ ሰብሳቢውን ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ከስብሰባው 10 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ ይጠቅማል። ወንበር የሚዘረጋና ቡና የሚያፈላ ሰው ሁልጊዜ አለ፤ «ልርዳ?» ማለት ከየትኛውም ንግግር በላይ ያቀራርባል። ከስብሰባው በኋላም እንዲሁ። ስልክ የሚሰጣጡት በር ላይ ነው፤ «አሜን» ሲባል ወደ መኪናው የሚሮጥ ሰው ዋናውን ነገር ጥሎት ይሄዳል። ቅርጫት ሲዞር አዲስ ገቢ ምንም ባይጥል ነውር የለውም፤ የለመዱት አንድ ሁለት ዶላር ይጥላሉ። ገንዘቡ ለአዳራሽ ኪራይ፣ ለቡናና ለጽሑፍ ነው። መመዝገቢያ ክፍያ የሚጠይቅ ካለ ያ ኤ ኤ አይደለም።

ዘውድነሽ_ቁ2

የኛ ሰው ፍርሃቱ ሌላ ነው፦ «ሐበሻ ያየኛል»። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ በር ላይ ሆኖ ሲያጨስ የታየ ሰው ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤቱ ይደርሳል ብሎ ያስባል።

አርባ_ወንበር

እህቴ፣ ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ አይናቅም። መፍትሔውም ቀላል ነው። ከሰፈር 20 እና 30 ደቂቃ ራቅ ያለ ስብሰባ ይመረጥ፤ ክሎዝድ ይሁን፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሐበሻ ገበያና ሬስቶራንት መስመር ውጭ ይሁን። ግን ርቀቱ ከዚያ አይብለጥ፤ አንድ ሰዓት የሚነዳበት ስብሰባ በረዶ የጣለ ቀን ይቀራል፣ ከዚያ ሁለተኛ ቀን ይቀራል። አንድ የሚያውቁትን ሐበሻ እዚያ ቢያገኙ ደግሞ እሱም ለዚያው ጉዳይ ነው የመጣው።

ኦንላይን ከሆነ ስማችሁን ተጠንቀቁ። ዙም የጉግል አካውንታችሁን ስም ከነፎቶው ሊያወጣው ይችላል፤ የኛ ስም ደግሞ ከነአባት ስም ሲወጣ ማን እንደሆናችሁ የሚያውቅ አይጠፋም። ከመግባታችሁ በፊት ስሙን ወደ መጀመሪያ ስም ብቻ ቀይሩ፣ ፎቶውን አጥፉ፣ ካሜራውን ዝጉ። አንዳንድ ቡድን አዲስ ሰው ለአፍታ ካሜራ እንዲከፍት ይጠይቃል፤ ይህም ረባሽ ለመለየት ነው። ካልፈለጋችሁ በቻት ለሰብሳቢው ንገሩት ወይም ሌላ ቡድን ግቡ።

ቦሌ_ሚካኤል

ከአዲስ አበባ ለምትከታተሉ፣ ሰዓቱ ነው የሚያሳስተው። ዝርዝሩ ላይ «8 ፒ ኤም ኢስተርን» ሲል በኛ አቆጣጠር ዋሽንግተን ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። የቀትር 12ቱ ስብሰባ ነው ለኛ የሚመቸው፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት። ይህ ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ላለው ጊዜ ነው። ከዚያ ውጭ አንድ ሰዓት ይገፋል፣ ከምሽቱ 2 ይሆናል። በኖቬምበር ሰዓቱ ሲቀየር ባዶ ዙም ላይ ቁጭ ብሎ «ተበተኑ» ብሎ የሚተው አለ። የኤ ኤ ኦንላይን ኢንተርግሩፕ ድረ ገጽ ሰዓቱን ወደ ስልካችሁ ሰዓት ስለሚለውጥ ከሱ እዩ።

ዳታ ለሚያልቅበት፦ የራስን ካሜራ መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ የሌሎቹ ምስል ነው ዳታውን የሚበላው። ስልክ ላይ «ሞር» የሚለውን ነክታችሁ «ስቶፕ ኢንካሚንግ ቪዲዮ» የሚለውን ምረጡ፤ ድምፅ ብቻ ይቀራል።

እንደ ኩዌት መጠጥ በሕግ በተከለከለበት አገር ያላችሁ እህቶች፣ የአሠሪ ዋይፋይ አትጠቀሙ፤ በጆሮ ማዳመጫ ስሙ፤ ያላችሁበትን አገርና ከተማ አትናገሩ። ለማንም ማስረዳት አይጠበቅባችሁም።

ማኅሌት_ቆሚ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ነገር የፕሮቴስታንት አይደለም? በየቤተክርስቲያናቸው ምድር ቤት ነው የሚሰበሰበው። መጨረሻ ላይም ተያይዘው ይጸልያሉ።

ፖቶማክ_ዳር

ጥያቄው ተገቢ ነው። አዳራሹን ቡድኑ ይከራየዋል እንጂ የቤተክርስቲያኑ ጉባኤ አይደለም። መጨረሻ ላይ የሚጸለየው ብዙ ጊዜ ስለ እርጋታና ጥበብ የሚለምነው አጭር ጸሎት ነው፤ አንዳንድ ቦታ አቡነ ዘበሰማያት ነው። ማንም መድገም አይገደድም፤ ሙስሊሙም እምነት የሌለውም ዝም ብሎ መቆም ይችላል። እርምጃዎቹ «እኛ እንደተረዳነው ያለ እግዚአብሔር» ይላሉ፤ ማን መሆኑን ለያንዳንዱ ሰው ይተዉታል። በዚህ ቋንቋ ጭራሽ የማይመቸው ሰው ዝርዝሩ ላይ «ሴኩላር» ወይም «አግኖስቲክ» የሚል ይፈልግ።

አምስተኛው እርምጃ ስህተትን ለሌላ ሰው መናገርን ይጠይቃል። ይህን ሰሚ ካህን ሊሆን ይችላል፤ ለኦርቶዶክስ የነፍስ አባት ማለት ነው። ስለዚህ ኑዛዜና ይህ እርምጃ አይጣሉም። ጠበልም እንደዚያው፦ ጠበል የሚጠመቅ ሰው ማታ ስብሰባ መሄድ ይችላል። የሚያስፈራው ተረኛ ነርስ እንዳለችው ነው፤ ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ያለሐኪም በድንገት አቁሞ ጠበል ቦታ በባዶ ሆዱ ሲቆይ ነው።

ቀጠሮ_ሸኚ

ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ዳኛ ያዘዘው ሰው ካለ፦ ፍርድ ቤቱ የሚሰጠውን የመገኘት ማረጋገጫ ወረቀት ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ለሰብሳቢው ስጡ ወይም ቅርጫቱ ውስጥ ጨምሩ። መጨረሻ ላይ ተሰልፎ መጠበቅ ያስቀራል፣ ሰውም ይሄዳል። ፈርሙ ብሎ ማስገደድ አይቻልም፤ አብዛኛው ቡድን ይፈርማል፣ የማይፈርምም አለ፤ ሩቅ ከመንዳት በፊት በኢንተርግሩፕ ስልክ አጣሩ። ፊርማው በመጀመሪያ ስም ብቻ ስለሚሆን ተቆጣጣሪው መኮንን ይህን መቀበሉን፣ ኦንላይን መቀበሉንም በጽሑፍ ጠይቁት። በቃል «ይቻላል» ተብሎ ከ12 ሳምንት በኋላ ውድቅ ከሆነ ከዜሮ መጀመር ነው። ከ1996 ጀምሮ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቶች መንግሥት ሰውን ሃይማኖታዊ ይዘት ወዳለው ፕሮግራም ብቻ ማስገደድ እንደማይችል በተለያዩ ጉዳዮች ወስነዋል። ስለዚህ ሌላ አማራጭ በጠበቃ በኩል መጠየቅ ይቻላል።

ጥቁር_ቡና

ሌላው አማራጭ ስማርት ሪከቨሪ ነው። በ1994 የተጀመረ፣ ያለ እርምጃና ያለ ስፖንሰር (አዲስ ገቢውን የሚደግፍ ቀደም ያለ አባል) የሚሄድ ነው። የሠለጠነ አወያይ አለ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ አምሮት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ይሠራል። ኤ ኤ ውስጥ አንዱ ሲናገር ሌላው ጣልቃ ገብቶ አይመክርም፤ ስማርት ላይ ግን እርስ በርስ መልስ መሰጣጣት አለ። ዝም ተብሎ መሰማት የሚያሳርፈው ሰው ኤ ኤ ይሻለዋል፤ ጥያቄ የሚያበዛ፣ «ለምን?» የሚል ሰው ስማርት ይሻለዋል። ሁለቱንም መያዝም ይቻላል።

ኤ ኤ ይሠራል ወይ ለሚለው፣ የ2020ው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ 27 ጥናቶችንና 10,565 ሰዎችን አይቷል። ባለሙያ በተደራጀ መንገድ ወደ ኤ ኤ ካገናኛቸው ሰዎች 42 በመቶው በ12ኛው ወር ሙሉ በሙሉ ከመጠጥ ርቀው ነበር፤ ሌላ ሕክምና ካገኙት 35 በመቶው። ልብ በሉ፣ የተገናኙት በባለሙያ እጅ ነው። አድራሻ ወርውሮ «ሂድ» ማለት እንደዚያ አይደለም። አብሮ መሄድ ወይም ከቡድኑ አንድ ሰው በር ላይ እንዲጠብቀው ማድረግ ይሻላል። ኢንተርግሩፕ ላይ ሲደወል ይህን መጠየቅ ይቻላል።

ዘውድነሽ_ቁ2

ባል የሚጠጣባት ሴትስ? አብራው ትግባ?

ተረኛ_ነርስ

ኦፕን ላይ አንድ ሁለት ጊዜ አብራው ብትገባ ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ ግን እሱ በነፃነት አይናገርም፤ እሷም ዘበኛ ትሆናለች፣ «ለምን ዝም አልክ?» መኪና ውስጥ ይጀምራል። ለሷ አል-አኖን አለ፤ ከ1951 ጀምሮ ለጠጪ ቤተሰብ የቆመ ሌላ ማኅበር ነው። ልጆች ካሉ አላቲን ይባላል። እሱ ባያቆምም እሷ መሄድ ትችላለች።

እግረ መንገዴን፣ ከየትኛውም ስብሰባ የሚያስወጣ ሦስት ምልክት አለ። አንደኛ፣ «መድኃኒትህን ተው» የሚል አባል። ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት ለመጠጥ ሱስ የተፈቀዱ መድኃኒቶች ናቸው፤ የጭንቀትና የድባቴ መድኃኒትም እንዲሁ በሐኪም ይታዘዛል። ኤ ኤ ራሱ አባላት ሐኪም እንዳይሆኑ በጽሑፉ ይናገራል። ናልትሬክሶን ሞርፊን መሰል የሕመም ማስታገሻ ለሚወስድ ሰው ስለማይሆን ይህንም ለሐኪሙ ንገሩ። ሁለተኛ፣ ብድር፣ ሥራ ወይም ቤት የሚያቀርብ ሰው። ሦስተኛ፣ ገና 10 ቀን ያልሞላትን ሴት «ቡና እንጠጣ» እያለ የሚከብ ወንድ። ሴት በሴት፣ ወንድ በወንድ ስፖንሰር የሚመከረው ለዚህ ነው። የሴቶች ብቻ ስብሰባ አለ፤ ከሱ ጀምሩ።

ጆርጂያ_አቬኑ

አገርሽቶበት ጠጥቶ የመጣ ሰውስ ይባረራል?

አርባ_ወንበር

አይባረርም፤ ካልረበሸ ወንበሩ አለ። አንዳንድ ቡድን በዚያ ቀን የጠጣ ሰው እንዲያደምጥ እንጂ እንዳይናገር ይጠይቃል። ቀን ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል፣ የ24 ሰዓቱን ሜዳሊያ እንደገና ይወስዳል፣ ያጨበጭቡለታል። መኪና እንዳይነዳ ብቻ ቁልፉን ተቀበሉት።

ማኅሌት_ቆሚ

አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ገብቶኛል። በአማርኛ አንድ ቢኖርስ? ማቋቋም ይቻላል?

ፖቶማክ_ዳር

ይቻላል፤ ብዙም አያስፈልገውም። በኤ ኤ ትውፊት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች መጠጥ ለማቆም ከተሰበሰቡ ቡድን ናቸው፤ ቡድኑ እንደ ቡድን ከሌላ ድርጅት ጋር አይጣበቅ እንጂ። ስለዚህ የደብሩ፣ የእድሩ ወይም የኮሚኒቲው ክፍል መሆን አይችልም። ክፍል መከራየት ግን ይችላል። በወረቀት ላይ አንድ ገጽ መርሐ ግብር፣ ቋሚ ቀንና ሰዓት፣ ሰብሳቢ፣ ቅርጫት ያዥ፤ ከዚያ በኢንተርግሩፕ ዝርዝር ማስመዝገብ። የሚፈርሰው ሁሉም ነገር በአንድ ሰው እጅ ሲሆን ነው። ቁልፉም፣ የዙሙ የይለፍ ቃልም፣ ሰብሳቢነቱም በአንድ ሰው ላይ ይወድቃል፤ ያ ሰው አንድ ሳምንት ሲታመም በሩ ተዘግቶ ሰው ይመለሳል። በየ6 ወሩ ይለዋወጥ፤ የይለፍ ቃሉን ሁለት ሰዎች ይያዙ።

የኛ ሰው ትንሽ ስለሆነና ስለሚተዋወቅ ሐሜት ዋናው ጠላት ነው። በመክፈቻው ላይ «እዚህ የሰማኸው እዚህ ይቅር» የሚለው በየሳምንቱ ይነበብ፤ የቴሌግራም ቡድን አይከፈት፣ የአባል ስልክና ፎቶ ሊታይ ይችላልና።

ቦሌ_ሚካኤል

ኦንላይን ቢሆን ቅዳሜን እርሱት፤ እስራኤል ያሉት ሰንበት የሚያከብሩ ወገኖቻችን ስልክ አይነኩም። እሑድ ጠዋት ደግሞ ዲሲ ቅዳሴ ነው። እሑድ በዋሽንግተን ከቀኑ 8 ሰዓት ብናደርገው አዲስ አበባና ቴል አቪቭ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ፍራንክፈርት ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ኖቬምበር ላይ የኛው ብቻ ወደ 4 ይገፋል።

ማኅሌት_ቆሚ

3 ሰዓት ልጆች ተኝተዋል፣ ይመቻል። 60 ደቂቃ ይበቃል፣ 90 አታድርጉት፤ ሰኞ ሥራ አለ።

አርባ_ወንበር

ለመክፈቻው የሚነበበውን አንድ ገጽ በአማርኛ እጽፈዋለሁ። ሁለተኛ የይለፍ ቃል ያዥ ማን ይሁን?